የሸሸ ድድ ይመለሳልን? ሥሩ ለተጋለጠ ጥርስ ሕክምናው ምን ማድረግ ይችላል?

አዲስ አበባ፦ እንዲህ እናስብ። አንዲት እናት ከሰሜን ሸዋ ገጠር ተነሥተው፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ ወደምትኖር ልጃቸው ዘንድ ለጥየቃ መጥተዋል። ምሳ ቀርቦ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጎነጩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ሎሚ የነካው ሰላጣ ጥርሳቸውን ያጠርሰዋል። ልጃቸው ቀርባ ስትመለከት የታችኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው ከወትሮው ረዝመዋል፤ በልጅነታቸው የተነቀሱት ድድ ጠርዙ ወርዷል፤ ከነጩ ጥርስ በታች ቢጫ የሆነ ሌላ አካል ብቅ ብሏል።

እናት ዕድሜ ያመጣው ነው ብለው ያልፉታል። ጎረቤት ከሚያሠቃያቸው ይነቀልላቸው ይላል። ልጅ ደግሞ የሸሸ ድድን መልሶ የሚያበቅል ሕክምና አለ ሲባል ሰምታለች። ከካዛንቺስ እስከ ቡልጋሪያ ባለው የከተማዋ ክፍል የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ማየት ብርቅ አይደለምና፣ የት እንደምትሄድ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ምን ብላ እንደምትጠይቅ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ የተነሡት ሦስት ሐሳቦች በብዙ ቤት ይነሣሉ። የተሳሳተ ውሳኔ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሊድን የሚችል ጥርስ ይነቀላል፣ ወይም ሊመለስ ለማይችል ድድ ገንዘብ ይከሰከሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይበጃል።

የድድ መሸሽ ምንድን ነው?

ጥርስ በአፍ ውስጥ የሚቆመው በአራት አካላት ተደግፎ ነው። እነርሱም ድድ፣ የመንጋጋ አጥንት፣ የጥርሱን ሥር የሚለብሰው ሲሚንተም የተባለ ስስ ሽፋን፣ እንዲሁም ሲሚንተሙን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ጥቃቅን ጅማቶች ናቸው። የጅማቶቹ ውፍረት በአማካይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ጥርስ ቆሎ ሲቆረጥም የሚያርፍበትን ጫና የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ከድድ በላይ ያለው የጥርስ ክፍል ኢናሜል በተባለ ሽፋን ተሸፍኗል። ኢናሜል በሰው አካል ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠንካራው ሲሆን፣ ከክብደቱ 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ነው። ሥሩ ግን ይህ ጋሻ የለውም። ከስሱ ሲሚንተም ሥር ያለው ዴንቲን የተባለ አካል ሲሆን፣ በውስጡ ወደ ጥርሱ ነርቭ የሚያመሩ እጅግ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት። ድድ ሲሸሽ ሲሚንተሙ በቀላሉ ይፋቃል፤ ቱቦዎቹም ይከፈታሉ። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሎሚ ወይም ጣፋጭ ሲነካቸው በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ ነርቩም ይህን እንደ ሕመም ይቆጥረዋል። የእኒያ እናት ፊት መጨማደድ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጉዳቱ በሕመም ብቻ አያበቃም። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው በአፍ ውስጥ ያለው አሲድ ፒኤች 5.5 አካባቢ ሲደርስ ነው። የተጋለጠ ሥር ግን ፒኤች ገና ከ6 በላይ ሳለ መሟሟት ይጀምራል። በሌላ አነጋገር፣ ኢናሜልን የማይጎዳ ቀላል አሲድ ሥርን ይጎዳል። ስለዚህ ሥሩ የተጋለጠ ጥርስ በድዱ ጠርዝ በኩል ቶሎ ይበላል።

ለአርሶ አደር ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ጎርፍ ከገደል አፋፍ ላይ አፈሩን አጥቦ ሲወስድ የዛፉ ሥር ራቁቱን ይቀራል። ዛፉ ለጊዜው ቅጠሉ ለምልሞ ይታያል። ነገር ግን ነፋስ የሚጥለው ያንን ዛፍ ነው።

ድድ ለምን ይሸሻል?

የመጀመሪያውና ዋነኛው ምክንያት የድድ ሕመም ነው። በጥርስና በድድ መካከል የሚጠራቀመው ቆሻሻ ሳይጸዳ ሲቆይ ከምራቅ ማዕድን እየጨመረ ወደ ጥርስ ድንጋይነት ይለወጣል። በድንጋዩ ላይ የሚራቡት ተሕዋስያን ድዱን ያስቆጡታል፤ ድዱም ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ይህ ደረጃ በአግባቡ ከታከመ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ቁጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ ጅማቱንና አጥንቱን መብላት ይጀምራል። አጥንቱ ሲወርድ ድዱም ተከትሎት ይወርዳል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከምላስ ሥር ባሉት የምራቅ ዕጢዎች አጠገብ ስለሚገኙ፣ የጥርስ ድንጋይ በብዛት የሚጋገረው በእነርሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥርስን በኃይል መፈተግ ነው። ጸጉሩ ጠንካራ በሆነ ብሩሽ ጥርስን እንደ መጋዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚፈትግ ሰው፣ ጥርሱ ንጹሕ፣ ድዱም ጤናማ ሆኖ ሳለ ድዱ ሊሸሽ ይችላል። መፋቂያም እንዲሁ ነው። የወይራ፣ የክትክታና የልምጭ መፋቂያ በአገራችን ለዘመናት ያገለገለ መልካም ልማድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አካባቢ ጥቅም ላይ እንዲውል አበረታቷል። ችግሩ ከአጠቃቀሙ ይመጣል። ጫፉ በደንብ ሳይታኘክና ሳይለሰልስ ድድ ላይ አግድም የሚፈተግ መፋቂያ ድድን ይልጣል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ድዱ ስስ ነው፤ ጥርሱም ከመስመር ወጥቶ ወደ ፊት ያጋደለ ከሆነ፣ በፊት በኩል የሚሸፍነው አጥንት እጅግ ይሳሳል። ትምባሆ የድድን የደም ዝውውር ያዳክማል። ያልተስተካከለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ድድን ይጫናል። ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ሲያዝ በዚያ ጎን ያለው ድድ ሲሸሽ በጥናቶች ተስተውሏል። ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመምም የድድ ሕመምን ያባብሳል፤ የድድ ሕመሙም በተራው የስኳሩን መጠን መቆጣጠር ያከብዳል።

ዕድሜስ? ድድ የሸሸባቸው ሰዎች ቁጥር ከዕድሜ ጋር መጨመሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜ ራሱ ድድን አያሸሽም፤ ከላይ የተጠቀሱት ምክንያቶች ለረጅም ዓመታት የመሥራት ዕድል ስለሚያገኙ ነው። እናም የእኒያ እናት «ዕድሜ ነው» የሚለው መልስ መንሥኤውን ከመፈለግ ሊያግድ አይገባም።

በዚህ መካከል ስለ ድድ ንቅሳት አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶች ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ይነቀሱ የነበረው ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ድድን ያጠነክራል፣ መድማቱንም ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበር። ንቅሳት ቀለም እንጂ ሕብረ ሕዋስ አይጨምርምና የሸሸ ድድን አይመልስም። ቀለሙ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን ደግሞ ሕመሙ ቶሎ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የተነቀሰ ድድ ያላት እናት መቅላቱን ከምትፈልግ ይልቅ መድማቱን ብትከታተል ይሻላል።

በቅድሚያ የሚሠራው ሥራ

የሸሸ ድድ በራሱ ጊዜ ተመልሶ አያድግም። በዘይት በመጉመጥመጥ፣ ነጭ ሽንኩርት በመለጠፍ ወይም በማስታወቂያ በሚሸጥ የጥርስ ሳሙና ድድ በቅሎ ሥር አይሸፍንም። ይሁን እንጂ መሸሹን ባለበት ማቆም በአብዛኛው ይቻላል። ማንኛውም ድድን የመመለስ ሕክምናም ከዚህ በፊት ሊጀመር አይገባም።

የተፋሰስ ልማት ሥራን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ሳይቆም በቦረቦር ውስጥ ችግኝ መትከል ድካምን ማባከን ነው። በቅድሚያ እርከን ይሠራል፤ ችግኙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጥርስም ዘንድ የመጀመሪያው እርምጃ በተለምዶ የጥርስ እጥበት የሚባለው ሥራ ነው፤ ይኸውም የጥርስ ድንጋዩን ከላይም ከድዱ ሥርም ማንሣትና የሥሩን ገጽ ማለስለስ ነው። ሰዎች ከእጥበት በኋላ ጥርሴ ሳሳ፣ ክፍተትም ተፈጠረበት ብለው ያማርራሉ። ክፍተቱ ግን ቀድሞም ነበረ፤ ድንጋዩ ሞልቶት እብጠቱም ሸፍኖት ስለነበር አልታየም እንጂ።

ለሚያጠርሰው ሕመም ቀላልና ርካሽ መፍትሔዎች አሉ። ፖታሺየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ለሳምንታት በተከታታይ ሲጠቀሙበት ሕመሙን ያስታግሳል። ሐኪሙ በሥሩ ላይ የሚቀባው የፍሎራይድ ቫርኒሽም ቱቦዎቹን ይደፍናል፣ ሥሩንም ያጠነክራል። ሥሩ ተቦርቡሮ ከሆነ ግላስ አዮኖመር በተባለ መሙያ ይሞላል። መበላት የጀመረን ሥር ደግሞ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ፈሳሽ ባለበት ያቆመዋል፤ የተበላውን ቦታ ማጥቆሩ እንዳለ ሆኖ። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናን፣ ግላስ አዮኖመርንና ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድን እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷቸዋል።

ለብዙ ሰው ይህ ብቻ በቂ ነው። መሸሹ ከቆመ፣ ሕመሙ ከታገሠ፣ መልኩም ካላስጨነቀው ቀዶ ሕክምና የግድ አይደለም።

የቱ ድድ ይመለሳል? የቱስ አይመለስም?

ቀዶ ሕክምና ቢታሰብ ውጤቱን አስቀድሞ የሚወስነው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው አጥንትና ድድ ተርፏል ወይስ አልተረፈም? ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ካይሮ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው አመዳደብ ይህን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል።

በመጀመሪያው ምድብ በጥርሶች መካከል ያለው ድጋፍ ሙሉ ነው፤ ድድ የሸሸው በፊት በኩል ብቻ ነው። በኃይል በመፈተግ የሚመጣው መሸሽ በአብዛኛው ከዚህ ይመደባል። በዚህ ምድብ ሥሩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል። በሁለተኛው ምድብ በጥርሶች መካከል ያለው ድጋፍም ቀንሷል፤ ነገር ግን ከፊት በኩል ከጠፋው አይበልጥም። እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ከፊል መሸፈን ነው። በሦስተኛው ምድብ በመካከል የጠፋው ከፊት ከጠፋው ይበልጣል። በዚህ ደረጃ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል የሚል ሐኪም ሊሰጠው የማይችለውን ተስፋ እየሰጠ ነው።

ምክንያቱ የደም ነገር ነው። የጥርስ ሥር ደም የሌለው ደረቅ ገጽ ነው። በላዩ የሚያርፈው ድድ ደም የሚያገኘው በግራና በቀኝ ካለው ሕያው ሕብረ ሕዋስ ነው። ያ ከሌለ በዐለት ላይ እንደተጣለ ዘር ይሆናል።

ከላንቃ ወደ ድድ

የተጋለጠ ሥርን ለመሸፈን ዛሬም ድረስ ቀዳሚ ሆኖ የሚቆጠረው ከታካሚው ከራሱ ላንቃ ሥጋ ወስዶ የመትከል ዘዴ ነው። ባለሙያው በማደንዘዣ አደንዝዞ ከላንቃ ቆዳ ሥር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ሕብረ ሕዋስ ያወጣል። ከዚያም በተጋለጠው ሥር ላይ ያስቀምጠዋል፤ በዚያው ጥርስ ሥር ያለውን ድድ ከመሠረቱ አላልቶ፣ ወደ ጥርሱ አክሊል ስቦ በላዩ ያለብሰውና ይሰፋዋል። የተተከለው ሥጋ ከላይም ከታችም ደም የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዘዴው በሰፊው የታወቀው ላንገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ካቀረቡት ጽሑፍ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተለመደው ዘዴ የላንቃውን ሥጋ ከነላይኛው ቆዳው ቆርጦ መትከል ነበር። ይህ አሁንም ድድን ለማወፈር ይሠራበታል። ነገር ግን የተተከለው ሥጋ የላንቃውን ፈዘዝ ያለ ቀለም ይዞ ሊቀር ስለሚችል ከዙሪያው ይለያል። የተነቀሰ ወይም በተፈጥሮ የጠቆረ ድድ ያለው ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

መሸፈንና መልሶ ማልማት አንድ አይደሉም

«ድድን መልሶ የሚያለማ ሕክምና» የሚለው ስም በብዙ ማስታወቂያ ላይ ይታያል። በሳይንሱ ግን መሸፈንና መልሶ ማልማት የተለያዩ ናቸው። ድዱ ተስቦ ሥሩን ቢሸፍነው፣ ከሥሩ ጋር የሚገናኘው በስስ ቆዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። መልሶ ማልማት የሚባለው ግን አዲስ ሲሚንተም፣ አዲስ ጅማትና አዲስ አጥንት ሲበቅል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 አንቶኒ ሜልቸር የተባለ ተመራማሪ አንድ ቁልፍ ሐሳብ አቀረበ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሥሩ ላይ የሚፈጠረውን ግንኙነት ዓይነት የሚወስነው የትኛው ሕዋስ ቀድሞ ሥሩ ላይ እንደደረሰ ነው አለ። የድድ ቆዳ ሕዋስ ፈጣን ነው፤ ቀድሞ ይደርስና ቦታውን ይይዛል። ጅማትና ሲሚንተም የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ዝግተኞች ስለሆኑ፣ ሲደርሱ ቦታው ተይዞ ያገኙታል።

በአማራ ክልል የተራቆቱ ተራሮችን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በማድረግ እንዲያገግሙ የተደረገው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከብትና ፍየል እንዳይገባ ሲደረግ፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረው የአገር በቀል ዛፍ ሥርና ዘር ጊዜ አግኝቶ ያቆጠቁጣል። ስዊድናውያኑ ስቱሬ ኒማን፣ ያን ሊንዴና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 በአንድ ታካሚ ጥርስ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ይመስላል። በሥሩና በድዱ መካከል ስስ ገለፈት አስገብተው ፈጣኑን ሕዋስ ከለከሉት፤ ዝግተኞቹ ሕዋሳትም ጊዜ አግኝተው አዲስ ሲሚንተምና ጅማት ሠሩ። ሳይንሱ መልሶ ማልማት የሚለው ነገር በተግባር የተረጋገጠው በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገለፈቶች በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መውጣት ነበረባቸው፤ በኋላ የመጡት ከኮላጅን የተሠሩት ግን በራሳቸው ይሟሟሉ።

ሌላው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከስዊድን የመጣው የኢናሜል ፕሮቲን ነው። ላርስ ሐማርስትሮምና ባልደረቦቹ የጥርስ ሥር ሲሠራ የኢናሜል ፕሮቲኖች ሲሚንተም እንዲፈጠር ምልክት እንደሚሰጡ አስተዋሉ። ፕሮቲኑ በዝልግልግ ቅባት መልክ ተዘጋጅቶ፣ በጸዳው ሥር ላይ ይቀባል፤ ድዱም በላዩ ይሰፋል። ኤምዶጌይን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ይህ ነው። ድድን ስቦ ከመስፋት ጋር ሲጣመር፣ ስቦ መስፋት ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ሦስተኛው ከታካሚው ደም የሚዘጋጀው ፋይብሪን ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሹክሩን እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ውድ መድኃኒት አይሻም። ከክንድ ደም ይቀዳል፤ የሚያቀጥን መድኃኒት ሳይጨመርበት ወዲያውኑ ማሽን ውስጥ ገብቶ በደቂቃ 2 ሺህ 700 ዙር ገደማ ለ12 ደቂቃ ይሾራል። በቱቦው መካከል የሚረጋው ቢጫ ዝልግልግ አካል ተጠፍጥፎ በሥሩ ላይ ይነጠፋል። ቁስል ቶሎ እንዲሽር ይረዳል፤ ሥርን በመሸፈን ረገድ ግን የጥናቶች ውጤት ወጥ አይደለም፤ የላንቃን ሥጋም አይተካም።

ወደፊት የሚጠበቁም አሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2016 ትራፈርሚን የተባለ የዕድገት ፕሮቲን በድድ ሕመም ለተበላ አጥንት እንዲውል ፈቅዳለች። ከጥርስ ጅማት የሚገኙ ግንደ ሕዋሳትም በምርምር ላይ ናቸው። በክሊኒክ ደረጃ የተለመደ የግንደ ሕዋስ የድድ ሕክምና ግን የለም፤ አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሊጠረጠር ይገባል።

ከምን የተሠራ ነው?

በአገራችን ይህ ጥያቄ ተገቢ ብቻ ሳይሆን አስፈላጊም ነው። ከላይ የተጠቀሰው የኢናሜል ፕሮቲን የሚገኘው በማደግ ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ ነው። ከኮላጅን ከሚሠሩት ገለፈቶችም አንዳንዶቹ ከአሳማ፣ ሌሎቹ ከከብት የተገኙ ናቸው። የአሳማ ሥጋ የማይበላበት ቤት ብዙ በሆነበት አገር፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ታካሚ ይህን ሳያውቅ ሊታከም አይገባም።

ለመድኃኒት የዋለ ቅባት እንደ ምግብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው የሃይማኖት ጥያቄ ነው፤ ታካሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር ሊመክርበት ይችላል። የሐኪሙ ድርሻ ታካሚው የስምምነት ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት የቁሱን ምንጭ በግልጽ መናገር ነው። ታካሚውም ከየትኛው እንስሳ እንደተገኘ ለመጠየቅ ማፈር የለበትም። መልካሙ ነገር አማራጭ መኖሩ ነው። የላንቃው ሥጋም፣ የደሙ ፋይብሪንም ከታካሚው ከራሱ ነው። እንዲያውም በውጤቱ ቀዳሚ የሚባለው ዘዴ የራስ ላንቃ ሥጋ በመሆኑ፣ ከአሳማ የተገኘውን ቁስ የማይቀበል ሰው ዝቅ ያለ ሕክምና አገኘ ማለት አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

የተተከለ ድድ እንደ አዲስ ችግኝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተነቀነቀ አይጸድቅም። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ይወጣል። በዚህ ወቅት ቦታው አይቦረሽም፣ መፋቂያም አይነካውም፤ በእርሱ ፋንታ ሐኪሙ ያዘዘው ክሎርሄክሲዲን የተባለ መጉመጥመጫ ያጸዳዋል። ይህ መጉመጥመጫ በተለይ ከቡናና ከሻይ ጋር ሲሆን ጥርስን ያጠይማል፤ ጥቁረቱ በእጥበት ስለሚለቅ ሊያስደነግጥ አይገባም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ የሚያቃጥል ወጥ፣ እንዲሁም በርበሬ ለጊዜው ይቅሩ። በፍስክ እርጎ፣ በጾም ለብ ያለ አጥሚት ይስማማል። የመጨረሻው ውጤት የሚታየው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ውጤቱ በእጅጉ ይቀንስበታል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። ጥርስን በኃይል የመፈተግ ልማዱን ያልተወ ሰውም፣ በብዙ ወጪ የተመለሰለት ድድ ደግሞ ይሸሽበታል።

የሐኪም ቁጥርና የመንቀል ልማድ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከባድ የድድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ያለው የጥርስ ሐኪም ደግሞ ለ100 ሺህ ሰው ሦስት ገደማ ብቻ ነው። ሐኪም በሌለበት ገጠር ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚሄደው ሕመሙ ከጸና በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚቀረው አማራጭ ብዙውን ጊዜ መንቀል ነው። የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን በማስተማራቸው የባለሙያው ቁጥር እየጨመረ ቢሆንም፣ ድድን የመትከል ሥራ ልዩ ሥልጠናና ልምድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ክሊኒኩ ሕጋዊ ፈቃድ አለው? ሐኪሙ በየጥርሱ ዙሪያ በሚሊ ሜትር በተከፋፈለ መለኪያ ለክቶ መዝግቧል? ራጅ ተነሥቷል? ድዱ በየትኛው ምድብ ነው? የሚጠበቀው ሙሉ መሸፈን ነው ወይስ ከፊል? የሚጠቀመው ቁስ ከምን የተገኘ ነው? ጠቅላላ ወጪው፣ የክትትሉ ጭምር፣ ስንት ነው? ሳይለካና ራጅ ሳያነሣ ድድ አበቅላለሁ የሚል ማስታወቂያ እንጂ ሕክምና አይደለም። በተመሳሳይ፣ ጥርሱ ሳይነቃነቅ ሥሩ ስለተጋለጠ ብቻ ይነቀል ከተባለ ሌላ ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው።

መከላከሉ ግን በእጃችን ነው

ጸጉሩ ለስላሳ ብሩሽ በመያዝ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ አቅጣጫ በቀስታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፤ ከ1 ሺህ እስከ 1 ሺህ 500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና መምረጥ፤ መፋቂያ የሚጠቀም ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስና ከድድ ወደ ጥርስ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፤ ሲቦርሹ የሚደማን ድድ ከመተው ይልቅ መመርመር፤ እነዚህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ በወጪም በድካምም ይቀልላሉ።

ወደ እኒያ እናት እንመለስ። ሐኪም ለክቶ በጥርሶቻቸው መካከል ያለው አጥንትም እንደወረደ ቢያገኝ፣ የወጣትነት ድዳቸው ሙሉ በሙሉ አይመለስላቸውም። ነገር ግን የጥርስ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ የሚያጠርሰው ሥር በቫርኒሽ ተቀብቶ፣ አቦራረሻቸውም ተስተካክሎ ጥርሶቻቸውን ይዘው ወደ ቀያቸው ሊመለሱ ይችላሉ። በመካከል ያለው አጥንት ተርፎ ከተገኘም፣ ከገዛ ላንቃቸው በተወሰደ ሥጋ ሥሩን መሸፈን ይቻል ይሆናል። ይህን ለይቶ የሚነግራቸው ግን ምርመራው ነው። ከዚያ በፊት ጎረቤት እንደመከረው ጥርሱ መነቀል የለበትም፤ ልጃቸውም ማስታወቂያውን ብቻ አምና ገንዘብ መክፈል የለባትም።